ወደ ቤት የሚመልስ ቪፒኤን

ቪፒኤን የሚለውን ስም ብዙው ኢትዮጵያዊ የለመደው ኢንተርኔት ሲዘጋበት ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ስልኩ ላይ ቪፒኤን ያልነበረው ሰው ካለው እየጠየቀ ጫነ፤ እገዳው ለወራት በመቆየቱም ቃሉ ከወጣቱ አልፎ በሽማግሌውም አፍ ገባ። ዛሬ ቪፒኤን ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ከአገር ውስጥ ወደ ውጭ የሚያሾልክ መተግበሪያን ነው። ቴክኖሎጂው መጀመሪያ የታሰበለት ሥራ ግን ተቃራኒው ነበር፤ ከቢሮው የራቀ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ኔትወርክ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ። ይህ የቀድሞ ሥራው አሁን ወደ መኖሪያ ቤት ወርዷል። ፋይሎቹን በቤቱ ማከማቻ ላይ ያኖረ ሰው የትም ሆኖ የሚያገኛቸው በዚሁ መንገድ ነው።

ሳጥኑና የሚኖርበት ቤት

ማከማቻው በምህጻር ናስ ይባላል። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም አራት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ፣ በኬብል ከራውተር ጋር የሚገናኝ፣ ሌት ተቀን የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ስክሪንና ኪቦርድ የለውም፤ የሚታዘዘው ከሌላ ኮምፒውተር ብራውዘር ነው። በቤት ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቁት ሲኖሎጂና ኪውናፕ ሁለቱም የታይዋን ኩባንያዎች ናቸው፤ ሲኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ኪውናፕ በ2004 ተመሠረቱ። ሁለት ዲስክ ገብቶበት አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን ከታዘዘ፣ አንደኛው ዲስክ ቢበላሽ እንኳ ፋይሉ በሌላው ላይ ይተርፋል። የሠርግ ቪዲዮ፣ የልጆች ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ የንግድ ሰነድ ሁሉ ለማንም ወርሃዊ ኪራይ ሳይከፈል እዚያው ይቀመጣል። ቤተሰቡ በአዲስ አበባና በሜሪላንድ፣ ወይም በቴል አቪቭና በጎንደር ለተከፈለ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ሳጥን አንድ ቤት ቢቀመጥም የሁሉም መዝገብ ይሆናል።

ችግሩ የሚመጣው ባለቤቱ ከቤት ሲወጣ ነው። ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ ሁሉ 192.168 ብሎ የሚጀምር ወይም ይህን የመሰለ የግል አድራሻ ይይዛል፤ ይህ አድራሻ ከቤቱ ውጭ አይታወቅም። ራውተር እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ከውስጥ ወጥቶ የሚመለሰውን ያስገባል፣ ከውጭ ድንገት የመጣውን እንግዳ ግን ማንን ፈልጎ እንደመጣ ስለማያውቅ ይመልሰዋል። ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚባለው ማስተካከያ ለዚህ ዘበኛ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ በዚህ የፖርት ቁጥር የመጣውን ሁሉ ወደ ማከማቻው ምራው ይለዋል።

ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የማከማቻውን የመግቢያ ገጽ በቀጥታ ለኢንተርኔት ይከፍቱታል፤ ሲኖሎጂ ላይ ፖርቶቹ 5000ና 5001 ናቸው። ከዚያ በኋላ ገጹን ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ዓለም ሁሉ ያየዋል። አድራሻዎችን እየዞሩ የተከፈተ ፖርት የሚፈልጉ አውቶማቲክ ፕሮግራሞችም ሳይውሉ ሳያድሩ ያገኙታል።

ገጹ ሲከፈት የሆነው

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 ሲኖሎከር የተባለ ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም የሲኖሎጂ ሳጥኖች ውስጥ እየገባ ፋይሎችን መስጥሮ ለመፍቻው 0.6 ቢትኮይን ጠየቀ። የገባበትን ቀዳዳ ኩባንያው በዲሴምበር 2013 ደፍኖት ነበር፤ የተጎዱት ማሻሻያውን ያልጫኑ ናቸው። በኤፕሪል 2021 ደግሞ ኪውሎከር የኪውናፕ ሳጥኖችን አጠቃ። የራሱን ምስጠራ መፍጠር እንኳ አላስፈለገውም፤ ሰቨን ዚፕ በተባለው የታወቀ የማሸጊያ ፕሮግራም ፋይሎቹን በፓስወርድ ቆለፋቸውና 0.01 ቢትኮይን ጠየቀ። ዓመት ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 2022፣ በዚያው በኪውናፕ ላይ ዴድቦልት መጣ። እሱ የመግቢያ ገጹን ራሱን አንስቶ በቦታው የቤዛ ማስታወቂያ አስቀመጠ፤ ዋጋውም 0.03 ቢትኮይን ነበር። ኪውናፕ ያኔ ለደንበኞቹ የሰጠው ምክር ራውተራቸው ላይ ፖርት ፎርዋርዲንግን፣ እንዲሁም መሣሪያዎች ባለቤቱን ሳይጠይቁ ፖርት የሚያስከፍቱበትን ዩፒኤንፒን እንዲዘጉ ነበር።

በእነዚህ ጥቃቶች ጠንካራ ፓስወርድ ብዙም አላዳነም። አጥቂዎቹ የሶፍትዌር ቀዳዳ ሲያገኙ ፓስወርድ የሚጠየቅበትን ደረጃ ራሱን ይዘሉታል። ማከማቻው ላይ የፎቶ አልበም፣ የቪዲዮ ማጫወቻ፣ የባክአፕ መተግበሪያና ሌላም ብዙ ፕሮግራም አለ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ብቻ ስህተት ቢገኝ ለሰባሪው በቂ ነው።

ቪፒኤን የሚለውጠው ይህን ነው። ከውጭ የሚደረስበት አንድ ፕሮግራም ብቻ ይሆናል፤ የእሱም ሥራ የመጣው ሰው ትክክለኛ ቁልፍ መያዙን ማረጋገጥና ከዚያ በኋላ የሚተላለፈውን ሁሉ መመስጠር ነው። ቁልፉን ያሳየ ስልክ ቤት ውስጥ እንዳለ ተቆጥሮ ማከማቻውን በቤት አድራሻው ይከፍታል። ቁልፍ የሌለው የፎቶ አልበሙንም የመግቢያ ገጹንም አያይም።

ሦስት ትውልድ

የማከማቻው ቅንብር ሲከፈት የሚመጡት የቪፒኤን ዓይነቶች እኩል አይደሉም። ፒፒቲፒ ማይክሮሶፍት ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ያመጣው ነው። ብሩስ ሽናየርና መጅ በሚል ስም የሚታወቀው ባለሙያ ድክመቱን በ1998 አሳይተዋል። በ2012 ደግሞ ሞክሲ ማርሊንስፓይክና ዴቪድ ኸልተን የሚጠቀምበት የፓስወርድ ማረጋገጫ በአንድ ቀን ውስጥ ሊሰበር እንደሚችል አረጋገጡ። አፕል በ2016 ከአይፎንና ከማክ አስወጥቶታል። ሳጥኑ ላይ ምርጫው ቢኖርም መንካት አያስፈልግም።

ኦፕንቪፒኤን በ2001 የወጣ የጄምስ ዮናን ሥራ ነው። ዮናን በመካከለኛው እስያ ሲዘዋወር ወደ ሥራው ኔትወርክ የሚገባው በማያምናቸው አገሮች መስመር ላይ ነበር፤ ይህ ስጋቱ ፕሮግራሙን ወለደው። ብዙ ዓመት የተፈተነ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነና በሁሉም ስልክና ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ በመሆኑ በማከማቻዎች ላይ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። የተለመደው ፖርቱ ዩዲፒ 1194 ነው።

ሦስተኛው የጄሰን ዶነንፌልድ ዋየርጋርድ ነው፤ በማርች 2020 ከሊኑክስ 5.6 ጋር የሊኑክስ እምብርት ውስጥ ገባ። ሲጻፍ 4,000 መስመር ያህል ኮድ ብቻ ስለነበረው አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ሊመረምረው ይችላል። የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ አይጠይቅም፤ ሁለቱ ወገኖች የሚተዋወቁት በቁልፍ ጥንድ ነው። ትክክለኛ ቁልፍ ለሌለው መልእክት ጨርሶ መልስ ስለማይሰጥም ፖርት እየፈለገ ለሚዞር ሰው በዚያ አድራሻ ምንም ያለ አይመስለውም። ኪውናፕ በራሱ የቪፒኤን መተግበሪያ ላይ ዋየርጋርድን አካቷል፤ የሲኖሎጂ ቪፒኤን ሰርቨር ግን ለረጅም ጊዜ ያቀረበው ፒፒቲፒን፣ ኦፕንቪፒኤንንና ኤልቱቲፒ የተባለውን ሌላ ዓይነት ነው።

አሠራሩ

ሲኖሎጂ ላይ ኦፕንቪፒኤንን መትከል የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። በቅድሚያ ራውተሩ ለማከማቻው የማይለወጥ የውስጥ አድራሻ ይሰጠዋል፤ አለዚያ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አድራሻው ሊቀየርና መንገዱ ሊጠፋ ይችላል። ቀጥሎ የስም አገልግሎት ይያዛል። የቤት ኢንተርኔት የውጭ አድራሻ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ማከማቻው አዲሱን አድራሻ እያሳወቀ አንድ ቋሚ ስም ይዞ ይቆያል፤ ሲኖሎጂም ኪውናፕም ይህን በነጻ ይሰጣሉ።

ከዚያ ቪፒኤን ሰርቨር የተባለው መተግበሪያ ከፓኬጅ ሴንተር ይጫናል፤ ኦፕንቪፒኤንም ይከፈታል። በቪፒኤን የሚገቡት እንግዶች የሚያገኙት አድራሻ 10.8.0.0 በሚለው ክልል እንዲሆን ሳጥኑ ራሱ ይጠቁማል፤ እሱን መተው ይቻላል። የቤቱን ኔትወርክ ለእንግዶች የሚፈቅደው ምልክት ካልተደረገ ግን ከማከማቻው ሌላ፣ ፕሪንተርም ሆነ ካሜራ አይገኝም። የፈቃድ ገጹም መታየት አለበት፤ የመግባት መብት የሚያስፈልገው ለጥቂት ሰው ስለሆነ የሌሎቹ ይነሳል። ኦፕንቪፒኤን እዚህ ላይ የሚያረጋግጠው በሳጥኑ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ በመሆኑ፣ ፓስወርዱ ረጅምና ሌላ ቦታ ያልተሠራበት ይሁን።

ራውተሩ ላይ የሚከፈተው ፖርት ዩዲፒ 1194 ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ማከማቻው ይመራል። ከዚህ ቀደም የተከፈቱ 5000ና 5001 ካሉ ይዘጋሉ፤ ዩፒኤንፒም ይጠፋል። ሳይዘጉ ከቀሩ አዲሱ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። በመጨረሻ የቅንብር ፋይሉ ከሳጥኑ ይወርዳል፤ ውስጡ የሰርቨሩ አድራሻ በሚገባበት ቦታ ቋሚው ስም ይጻፍበታል፤ ስልኩ ላይ ወዳለው የኦፕንቪፒኤን መተግበሪያም ይገባል። ሙከራው በቤት ዋይፋይ አይሆንም፤ ዋይፋይ ጠፍቶ በሞባይል ዳታ ይሞከራል።

በዚያው ፋይል ውስጥ የስልኩን ትራፊክ ሁሉ በቤት በኩል የሚያሳልፍ፣ ሳጥኑ ግን ሥራ ላይ ያላዋለው አንድ መስመር አለ። እንዳለ ከተተወ ወደ ቤት የሚሄደው የቤት ጉዳይ ብቻ ነው፤ ሌላው በያለበት ኢንተርኔት ይወጣል። መስመሩ ከተከፈተ በሆቴልና በካፌ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ባንክ የሚከፍት ሰው ከአካባቢው ሰላይ ይጠበቃል፤ በምትኩ ፍጥነቱ በቤቱ መስመር ይወሰናል።

መንገድ ላይ የሚያጋጥመው

ሁሉም በትክክል ተሞልቶ ስልኩ አልገናኝም ቢል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የኢንተርኔት አቅራቢው ነው። የቀድሞዎቹ የኢንተርኔት አድራሻዎች ጠቅላላ ቁጥር 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ በመሆኑ ብዙ አቅራቢዎች አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላሉ። ራውተሩ የሚያሳየው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ከጀመረ፣ ወይም ኢንተርኔት ላይ አድራሻን ከሚያሳይ ገጽ ጋር ካልተመሳሰለ፣ ነገሩ ይኸው ነው፤ የቤት ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት ብቻውን አይጠቅምም። አቅራቢው የራስ አድራሻ በክፍያ ሊሰጥ ይችላል። ሌላው አማራጭ ቴይልስኬል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመሠረተ፣ በዋየርጋርድ ላይ የተሠራ አገልግሎት ሲሆን ማከማቻውና ስልኩ ሁለቱም ወደ ውጭ ወጥተው ስለሚገናኙ ፖርት መክፈት አያስፈልግም። ፋይሉ ተመስጥሮ ቢያልፍም ማን ከማን ጋር እንደሚተዋወቅ የሚመዘግበው የኩባንያው ሰርቨር መሆኑ ግን ሊታወቅ ይገባል።

ሁለተኛው እንቅፋት የአድራሻ መመሳሰል ነው። የቤቱም የሆቴሉም ኔትወርክ 192.168.1 ከሆነ ስልኩ የቱን ለማለት እንደተፈለገ ግራ ይገባዋል። የቤቱን ክልል ቀድሞ 192.168.73 ወደሚል ያልተለመደ ቁጥር መቀየር ይህን ያስቀራል።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። ፋይል ከቤት ሲወጣ የሚለካው የቤቱ የመላኪያ ፍጥነት ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከመቀበያው ያንሳል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚልክ መስመር አንድ ጊጋባይት ቪዲዮ ለማድረስ 13 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት ደግሞ ማከማቻው ኃይል ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ ማዘዝና ዩፒኤስ የተባለውን መጠባበቂያ ባትሪ ማገናኘት የግድ ነው፤ ባለቤቱ በሌላ አገር ሳለ ሳጥኑን የሚያስነሳለት ሰው ላይኖር ይችላል።

ማንን ማመን

ለሽያጭ የቀረበ ቪፒኤን የተጠቃሚውን እምነት ከኢንተርኔት አቅራቢው ወስዶ ለሻጩ ያዛውረዋል፤ ቀድሞ ቴሌው ያየው የነበረውን አሁን ሻጩ ያየዋል። ማከማቻውን ራሱን በእንዲህ ያለ ቪፒኤን ማስወጣትም ይቻላል፤ ነገር ግን ከውጭ ለሚመጣው ጥያቄ መልሱ በሌላ መንገድ መውጣት ስለሚጀምር ወደ ቤት መግቢያው ብዙ ጊዜ ይቋረጣል። የቤት ቪፒኤን የሚሸጠውን ቪፒኤን ሥራ አይተካም፤ ማንነትንም አይደብቅም። በእሱ በኩል የወጣ ሁሉ የሚታየው በቤቱ ባለቤት አድራሻ ነው። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ሕግ አድራሻን ደብቆ ወንጀል መሥራት ወይም ወንጀልን መሸፈን ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ቅጣት ስላለበትም፣ በዚያ የሚኖር ሰው የራሱን ፋይል መክፈትና በኤምሬትስ የተከለከለን አገልግሎት ማሳለፍ እንደሚለያዩ ይወቅ።

በቤት ቪፒኤን ውስጥ ሻጭ ስለሌለ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የባለቤቱ ነው። ማሻሻያ በወጣ ጊዜ ሳይዘገይ የሚጭን፣ ስልክ ሲሰረቅ በዚያው ቀን የዚያን ስልክ ፈቃድ የሚሰርዝ፣ ማን ገባ የሚለውን መዝገብ አልፎ አልፎ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። የፋይሎቹ ሌላ ቅጂም ከሳጥኑ ውጭ መኖር አለበት፤ ቪፒኤን ሰባሪን እንጂ እሳትንና ሌባን አይከለክልም። ለዚህ ጊዜ ያለው ባለቤት አንድ ፖርት ከፍቶ ቤቱን ይዞ መዞር ይችላል። ጊዜ የሌለው ግን ምንም ፖርት ሳይከፍት ማከማቻውን ቤት ውስጥ ብቻ ቢጠቀምበት ይሻለዋል፤ ከውጭ አለማግኘት የሚያሳጣው ጥቂት ነው፣ ተከፍቶ የተረሳ ፖርት ግን ሁሉንም ሊያሳጣ ይችላል።