«ሚት»፦ ተረት፣ አፈ ታሪክ ወይስ ቅዱስ ትረካ?

ክርስትና እንደ ጥንታውያን ግሪኮች ሃይማኖት ከ«ሚቶሎጂ» ይመደባልን? መልሱ ለቃሉ በሚሰጠው ፍች ላይ ይመሠረታል። በሆሜር ግሪክኛ «ሚቶስ» ንግግር ማለት ነበር። በ2ኛ ጴጥሮስ 1፥16 ግን የፈጠራ ወሬ ማለት ሲሆን፣ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ተረት» ይለዋል። በሃይማኖት ጥናት «ሚት» ስለ ፍጥረትና ስለ አምላክ ሥራ የሚነገር ቅዱስ ትረካ ነው፤ ስያሜው በእውነትነቱ ላይ አይፈርድም። ሩዶልፍ ቡልትማንም በ1941 እ.ኤ.አ. ስለ አዲስ ኪዳንና ስለ ሚቶሎጂ ሲያስተምር የወንጌልን መልእክት ሐሰት ማለቱ አልነበረም። ስለዚህ ይህን «ሚት» «ተረት» ማለት ደራሲው ያልሰጠውን ፍርድ መጨመር ነው። «አፈ ታሪክ»ም በአፍ የሚተላለፈውን ስለሚያመለክት በመጽሐፍ ለጸናው አይስማማም፤ «ቅዱስ ትረካ» ይሻላል። ይሁንና ስቅለቱ በጴንጤናዊው ጲላጦስ አገዛዝ የተፈጸመ የታሪክ ድርጊት ስለ ሆነ፣ ክርስትና በሙሉ በዚህ ስያሜ አይጠቃለልም።