ከእሳቱ በፊት አሸዋው

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ስለ ብረታ ብረት ማቅለጥ ስንማር ትልቁ ነገር እሳቱ ይመስለኝ ነበር። ለትብብር ስልጠና የአሉሚኒየም ድስት ከሚሠራበት ወርክሾፕ ስመደብ ግን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ባለሙያ ሁለት ሳምንት ሙሉ አሸዋ አስነፉኝ።

አሸዋው ከሸክላ አፈርና ከጥቂት ውኃ ጋር ይታሻል። በመዳፍ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ከያዘ፣ ሲሰብሩትም ጠርዙ ካልተፈረፈረ ደርሷል።

አንድ ቀን ቶሎ እንዲይዝልኝ ብዬ ውኃ አበዛሁበት። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ሲፈስ ደግሞ ከዚያም በላይ ይግላል። የበዛ እርጥበት ካገኘ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና የቀለጠውን ብረት ሰው ላይ ይረጨዋል።

ጋሼ ሻጋታውን ዳሰስ አደረጉና ሳይቆጡ አፈረሱት። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው የቆየ ጠባሳ አሳዩኝ።

«እኔን ያስተማረኝ ይሄ ነው። አንተ አይተህ ተማር» አሉኝ።

በመጨረሻው ሳምንት የመጀመሪያውን የድስት ክዳን ራሴ አፈሰስኩ። ጠርዙ ትንሽ ጎደሎ ስለነበር ለገበያ አልሆነም። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ሽሮዋን የምትከድነው በእሱ ነው።