ፖቶማክ መሐል ያለው ጫካ

ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ወይም ለዘመድ ጥየቃ የመጣችሁ፣ በ66 መንገድ ከቨርጂኒያ ወደ ከተማው ስትገቡ የሩዝቬልትን ድልድይ ሳትሻገሩ አትቀሩም። ከበታቻችሁ የሚታየውን ዛፍ የፖቶማክ ወንዝ ዳርቻ ነው ብላችሁ ካለፋችሁት፣ እሱ ራሱን የቻለ ደሴት ነው። ስሙ ቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴት ይባላል። ስፋቱ 36 ሄክታር ገደማ ነው፤ በአንድ በኩል ጆርጅታውን፣ በሌላ በኩል የሮስሊን ፎቆች አፍጥጠውበታል።

ደሴቱ የዲሲ ነው፤ በሩ ግን ቨርጂኒያ ነው! ድንበሩ በወንዙ መሐል ሳይሆን በቨርጂኒያ ዳርቻ ስለተሰመረ፣ እዚህ አካባቢ ፖቶማክ ከነደሴቱ ለዲሲ ደርሷል። መግቢያው ደግሞ አንድ የእግረኛ ድልድይ ብቻ ነው፤ እሱም ከአርሊንግተን በኩል። በመኪና ከሆነ ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይን ይዛችሁ ወደ ሰሜን መንዳት አለባችሁ፤ ከሰሜን ከመጣችሁ ማቆሚያውን እያያችሁት ታልፉታላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ማቆሚያው ቶሎ ስለሚሞላ፣ ሮስሊን ከባቡር ወርዶ በእግር መሄዱ ይቀላል። ብስክሌት ደሴቱ ላይ አይነዳም፣ ውሻ በማሰሪያ ይገባል፣ መግቢያ አይከፈልም።

ዛፎቹ ውስጥ ስትገቡ «መጥረቢያ ነክቶት የማያውቅ ጥንታዊ ጫካ» ይመስላችኋል። አይደለም። አብዛኛው በሰው እጅ የተተከለ ነው፤ ተከላው ከተጀመረ ገና መቶ ዓመት አልሞላም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴቱ ቀድሞ የሜሶን ቤተሰብ ርስት ነበር። ጆን ሜሶን ትልቅ ቤት አሠርቶ፣ የአትክልት ቦታ አበጅቶ፣ በባርነት በያዛቸው ሰዎች ጉልበት ይኖርበት ነበር። አባቱ ጆርጅ ሜሶን የቨርጂኒያን የመብቶች መግለጫ በማርቀቅ የሚታወቀው ሰው ነው፤ እዚህ ላይ ትዝብቱን ለእናንተ ልተወው። በ1800ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የጆርጅታውን ወደብ በደለል እየሞላ ስላስቸገረ፣ ውሃው ወደዚያ እንዲገፋ በቨርጂኒያ በኩል ያለው ቀጭን የወንዝ ክንድ በግድብ ተዘጋ። ውሃው ቆመ፣ ሸተተ፣ ቤተሰቡም በ1830ዎቹ መጀመሪያ ለቅቆ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ከሜሶኖች ይልቅ እኔን ይይዘኛል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1863፣ አንደኛው የአሜሪካ ጥቁር ወታደሮች እግረኛ ሬጅመንት የሠለጠነው እዚህ ነው። በከተማው ጎዳና ጥቁር ሰው የወታደር ልብስ ለብሶ ሲታይ ጥቃት ይደርስበት ስለነበር፣ ዙሪያውን ውሃ ያጠረው ቦታ ተመረጠ። ቀጥሎም ከባርነት ያመለጡ ሰዎች መጠለያ ሆነ። ዛሬ ከዚያ ሰፈር ምንም የቆመ ነገር የለም፤ ሳታውቁ ከሄዳችሁ በላዩ ተራምዳችሁ ትመለሳላችሁ።

በ1931 የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት መታሰቢያ ማኅበር ደሴቱን ከጋዝ ኩባንያ ገዝቶ በኋላ ለመንግሥት ሰጠ። ዕቅዱን ያወጣው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ጁኒየር ነው፤ የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት አንዱ የሆነው የትልቁ ኦልምስቴድ ልጅ። የመናፈሻ አበባ አልፈለገም፤ ማንም ያልነካው የሚመስል ዱር ነበር የፈለገው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ መንግሥት ሥራ የሰጣቸው ወጣቶች የሜሶንን ቤት ፍርስራሽ አነሡ፣ መጤውን ዕፅዋት መነጠሩ፣ የአገሩን ዛፍ በሺዎች ተከሉ። ቀሪውን ለዝናቡና ለወንዙ ተዉለት።

ደሴቱ ላይ አንድ ቦታ ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ፣ ረግረጉን እዩ። ከመሬት ከፍ ብሎ የተነጠፈ የሳንቃ መንገድ በመሐሉ ያሳልፋችኋል፤ በግራና ቀኝ ፊላ ከሰው በላይ ቆሞ። ውሃውን ልብ በሉት። ፖቶማክ ከዚህ ተነሥቶ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ እስኪደርስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል፤ ሆኖም የባሕሩ መነሣትና መውረድ እስከዚህ ድረስ ይሰማል። በቀን ሁለት ጊዜ ውሃው አንድ ሜትር ገደማ ይነሣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ሲወርድ ከሳንቃው ሥር ጥቁር ጭቃ ይገለጣል፤ ባለ ረጅም እግሯ ሰማያዊ ግራጫ ወፍ ቀስ እያለች የምትለቅመው ያኔ ነው፤ የእግሯ አሻራ ጭቃው ላይ በግልጽ ይታያል። ከላይ ደግሞ ግንደ ቆርቁር ዛፉን ሲደበድብ ትሰማላችሁ፣ ሬገን አየር ማረፊያ የሚያርፈው አውሮፕላን ወንዙን ተከትሎ መጥቶ ድምፁን እስኪውጠው። ፍጹም ጸጥታ ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ጫካው መሐል ድንገት የድንጋይ አደባባይ ይከፈታል። በ1967 የተመረቀው የሩዝቬልት ሐውልት ነው፤ አምስት ሜትር የሚያህል የነሐስ ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ዙሪያውን ንግግሮቹ የተቀረጹባቸው አራት ረጃጅም የድንጋይ ሰሌዳዎች። የቀረጸው ፖል ማንሺፕ ነው፤ ሮክፌለር ሴንተር ያለው ወርቃማ ሐውልት የእጁ ሥራ ነው። ለእኔ ይህ ሁሉ ድንጋይ ለቦታው ይበዛበታል። ሩዝቬልት በሥልጣን ዘመኑ ወደ 93 ሚሊዮን ሄክታር መሬት እንዲጠበቅ አድርጓል፤ ከኢትዮጵያ ስፋት አምስት እጅ አራቱን ይበልጣል። ጫካው ብቻውን ይበቃው ነበር።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ ሰው አይደለም። በ1903 ዲፕሎማቱን ሮበርት ስኪነርን ወደ አዲስ አበባ የላከው እሱ ነው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ከዐፄ ምኒልክ ጋር የተፈረመው የንግድ ውል የሁለቱ አገሮች የመጀመሪያ ውል ነበር።

ስትሄዱ ውሃና ምሳችሁን ያዙ፤ ደሴቱ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም። ሞቃት ወቅት ከሆነ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ከመንገዱም አትውጡ፤ መዥገር አለ። ጭቃውንና ወፎቹን ለማየት ውሃው የሚወርድበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ዐይታችሁ ተነሡ፤ ሰዓቱ በየቀኑ ስለሚቀየር የትናንቱ ለዛሬ አይሠራም።