የአይፒ አድራሻና የስም አፈታት ችግሮችን መለየት

የአይፒ አድራሻና የስም አፈታት ችግሮችን መለየት ማለት በአንድ ድርጅት የኮምፒዩተር ኔትወርክ ላይ ግንኙነት ሲቋረጥ ጉድለቱ ከአድራሻው፣ ከመንገዱ ወይስ ስምን ወደ አድራሻ ከሚቀይረው አገልግሎት እንደ ሆነ ደረጃ በደረጃ የማጣራት ሥራ ነው። ለተጠቃሚው ሦስቱም አንድ ናቸው፤ «ኢንተርኔት የለም» ይላል። መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። ስሙ አልፈታ ሲል ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ችግሩን አይፈታም፤ ይልቁንም በደህና ይሠሩ የነበሩትን ሠራተኞች ሥራ ያቋርጣል።

አድራሻ

አይፒ አድራሻ በኔትወርክ ላይ ያለ መሣሪያ የሚታወቅበት ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውና እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት 4ኛው የአይፒ ስሪት አድራሻ 32 ቢት ርዝመት አለው። የሚጻፈውም በነጥብ በተለያዩ አራት ቁጥሮች ሲሆን እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ይደርሳሉ፤ ለምሳሌ 192.168.10.25።

አንድ የቢሮ ኮምፒዩተር በትክክል እንዲሠራ አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፦

- የራሱ አድራሻ፦ በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ሌላ መሣሪያ የማይጋራው መሆን አለበት።
- ሰብኔት ማስክ፦ ከአድራሻው የትኛው ክፍል ኔትወርኩን፣ የትኛው መሣሪያውን እንደሚያመለክት ይወስናል። 255.255.255.0 ከሆነ ለመሣሪያዎች የሚሆኑ 254 አድራሻዎች ይኖራሉ።
- ጌትዌይ፦ ከኔትወርኩ ውጪ ያለ ነገር ሲፈለግ መልእክቱ የሚያልፍበት የራውተር አድራሻ ነው።
- የዲኤንኤስ ሰርቨር አድራሻ፦ ስም ሲጻፍ ቁጥሩ የሚጠየቅበት ቦታ ነው።

እነዚህን አራቱን ለየኮምፒዩተሩ በእጅ መሙላት አድካሚ በመሆኑ ዲኤችሲፒ የሚባል አገልግሎት ያድላቸዋል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አድራሻ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ አንድ አድራሻ ያቀርብለታል፤ ኮምፒዩተሩ «ይህን ልያዝ» ይላል፤ ሰርቨሩም ያጸድቅለታል። አድራሻው የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ እንደ ኪራይ ነው፤ ጊዜው ሲጋመስ ኮምፒዩተሩ ለማደስ ይሞክራል። ስለዚህ የዲኤችሲፒ ሰርቨር ጠዋት ቢበላሽ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይቋረጡም። ኪራያቸው ያላለቀ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ አዲስ የመጣው ላፕቶፕ ብቻ ይቸገራል። ይህም ጥፋቱ የላፕቶፑ ሊያስመስለው ይችላል።

ስም

በ1970ዎቹ የኮምፒዩተሮች ስምና አድራሻ በካሊፎርኒያ በሚገኘው ኤስአርአይ የምርምር ተቋም በአንድ ፋይል ተመዝግቦ ይያዝ ነበር፤ ሌሎችም ፋይሉን እየቀዱ ይጠቀሙ ነበር። ኔትወርኩ ሲሰፋ ይህ አላዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን ነደፈ፤ ምዝገባውም በደረጃ ተከፋፈለ። ከላይ የሥር ሰርቨሮች አሉ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ እንደ ዶት ኮም ወይም የኢትዮጵያ መለያ እንደ ሆነው ዶት ኢቲ ያሉ ስሞች ይመጣሉ፤ ከዚያ በታች የየድርጅቱ ስም ይገኛል።

ስም የጠየቀ ኮምፒዩተር ያገኘውን መልስ ካሽ በሚባል ጊዜያዊ ማስታወሻ ያኖረዋል። መልሱ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው የስሙ ባለቤት ነው። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የፋይል ሰርቨርና የፕሪንተር ስሞችን የሚያውቀው የውስጥ ዲኤንኤስ ሰርቨር ብቻ ነው።

የምርመራ ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ጥያቄ የተቸገረው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁሉም የሚል ነው። አንድ ሰው ከሆነ ምርመራው ከኮምፒዩተሩና ከኬብሉ ይጀምራል፤ ሁሉም ከሆኑ ከስዊቹ፣ ከራውተሩ ወይም ከሰርቨሩ። ከዚያ ከቅርብ ወደ ሩቅ ይኬዳል፦

1. የኬብሉ ወይም የዋይፋዩ ግንኙነት መኖሩ ይታያል።
2. ኮምፒዩተሩ የያዘው አድራሻ ይነበባል። በዊንዶውስ ይህ አይፒኮንፊግ በተባለው ትዕዛዝ ይከናወናል።
3. ጌትዌዩ በፒንግ ይሞከራል። ከመለሰ የቢሮው ውስጥ መንገድ ደህና ነው።
4. በውጭ ያለ አድራሻ በቁጥሩ ይሞከራል፤ ለምሳሌ የጉግል ዲኤንኤስ የሆነው 8.8.8.8።
5. አንድ ስም ኤንኤስሉክአፕ በተባለው ትዕዛዝ ይጠየቃል።

አራተኛው ሠርቶ አምስተኛው ካልሠራ መንገዱ ክፍት ነው፤ የታመመው የስም አፈታቱ ነው። ሦስተኛው ሠርቶ አራተኛው ካልሠራ ጥርጣሬው ወደ ራውተሩና ወደ አገልግሎት አቅራቢው መስመር ይዞራል። ይሁን እንጂ ለፒንግ እንዳይመልሱ ተደርገው የተዘጋጁ መሣሪያዎች ስላሉ ዝምታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የተለመዱ ጉድለቶች

በ169.254 የሚጀምር አድራሻ። ኮምፒዩተሩ የዲኤችሲፒ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው አድራሻ ነው። ሰርቨሩ መቆሙን፣ የሚታደለው አድራሻ ማለቁን ወይም ኬብሉ ወደ ተሳሳተ የኔትወርክ ክፍል መግባቱን ሊያመለክት ይችላል።

የአድራሻ መደረብ። ሁለት መሣሪያዎች አንድ አድራሻ ሲይዙ ግንኙነቱ እየመጣ እየሄደ ያስቸግራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ዲኤችሲፒ ከሚያድላቸው አድራሻዎች አንዱ ለፕሪንተር በእጅ ሲሞላ ነው። መፍትሔው በእጅ የሚሞሉትን ከሚታደሉት መለየት ነው።

ያልተፈቀደ ዲኤችሲፒ። ሠራተኛ ዋይፋይ ለማግኘት የቤት ራውተር አምጥቶ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ሲያገናኝ ራውተሩም አድራሻ ማደል ይጀምራል። መሥሪያ ቤቱ በ10 የሚጀምር አድራሻ እየተጠቀመ አንዳንድ ኮምፒዩተሮች በ192.168 የሚጀምር ከያዙ ምልክቱ ይህ ነው።

የተሳሳተ ሰብኔት ማስክ። ኮምፒዩተሩ አንዳንድ ጎረቤቶቹን ያገኛል፤ ሌሎቹን አያገኝም።

የውጭ ዲኤንኤስን ከውስጡ ጋር ማደባለቅ። የውስጡ ሰርቨር ቢቆም እንዲተካ በሚል 8.8.8.8 ሁለተኛ ተደርጎ ይጻፋል። ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ የፋይል ሰርቨሩ ግን አንዳንዴ ይጠፋል፤ ወደ ዊንዶውስ ዶሜይን መግባትም ይዘገያል። ምክንያቱም የውጩ ሰርቨር የውስጥ ስም ሲጠየቅ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ኮምፒዩተሩም ይህን ትክክለኛ መልስ አድርጎ ስለሚቀበል ሌላውን ሰርቨር አይጠይቅም። ትክክለኛው ተተኪ ሁለተኛ የውስጥ ሰርቨር ነው፤ የውጭ ስሞችን ለኮምፒዩተሮቹ ፈልገው የሚያመጡትም እነዚህ የውስጥ ሰርቨሮች ይሆናሉ።

ያረጀ ካሽ። ሰርቨር አድራሻ ሲቀይር አንዳንዶች ወደ አሮጌው ይሄዳሉ። ከለውጡ አስቀድሞ የመልሱን መቆያ ጊዜ ማሳጠር፣ ከለውጡም በኋላ ካሹን ማጥራት ይረዳል።

የፌስቡክ መቋረጥ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓታት ያህል ከዓለም ተሰወሩ። በጥገና ወቅት የተሰጠ ትዕዛዝ የኩባንያውን የመረጃ ማዕከላት የሚያገናኘውን መስመር ቆረጠ። የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹም ማዕከላቱን ማግኘት ሲያቅታቸው ወደ ራሳቸው የሚያደርሰውን መንገድ ለኢንተርኔቱ ማሳወቅ አቆሙ። ሰርቨሮቹ እየሠሩ ነበር፤ ነገር ግን የሚደርስባቸው አልነበረም። ተጠቃሚው ያየው ስሙ እንዳልተገኘ ቢሆንም ሥሩ የመንገድ ችግር ነበር። መሐንዲሶቹ ለምርመራ የሚገለገሉባቸው የውስጥ መሣሪያዎችም አብረው በመቋረጣቸው ጥገናው ዘገየ።

መከላከል

የትኛው አድራሻ ለየትኛው መሣሪያ እንደ ተሰጠ የሚያሳይ መዝገብ መያዝ፣ ሁለት የውስጥ ዲኤንኤስ ሰርቨሮች ማቆምና የዲኤችሲፒ አድራሻ ከማለቁ በፊት መቆጣጠር ዋና ዋናዎቹ ጥንቃቄዎች ናቸው። መዝገቡ ኔትወርኩ ሲቋረጥም እንዲነበብ በወረቀት ቅጂ ቢኖረው ይመረጣል። በምርመራ ጊዜ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ የተለወጠውም ይጻፋል። ብዙ ነገር በአንድ ላይ ከተለወጠ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ ያጠፋው የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ሲመለስም ምርመራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።