ወንበር ይዘው የወጡት እናት

በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል ኢንግልዉድ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ በዜና ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ከተኩስ ጋር ነው። በ2015 ሰመር ላይ፣ 75ኛው ጎዳና ከስቱዋርት አቬኑ ጋር በሚገናኝበት ጥግ አንዲት ወጣት እናት በጥይት ተመትታ ሞተች። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ቀጥሎ የሚሆነው ይታወቃል፤ ሻማ ይበራል፣ የቴሌቪዥን መኪና መጥቶ ይሄዳል፣ ከዚያ ሁሉም በሩን ይዘጋል። የሚፈራው የበቀል ተኩሱ ነው።

ታማር ማናሴ የሚባሉ የሁለት ልጆች እናት ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። የሚታጠፍ ወንበር ይዘው ሄደው እዚያው ጥግ ላይ ቁጭ አሉ። ሌሎች እናቶችንም ጠሩ። ግሪል አወጡ፣ ሥጋ ጠበሱ፣ ለሚያልፈው ልጅ ሁሉ በሳህን እያደረጉ ሰጡ። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀንም መጡ። ሰመሩን ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየመጡ እስኪመሽ ይቀመጡ ነበር።

ደሞዝ የለም፣ መሣሪያ የለም። ሐሳቡ አንድ ነው፦ የሰው እናት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እያየችው፣ ስሙንም እያወቀች፣ ሽጉጥ የሚመዝ ልጅ ብዙ አይደለም። ይሄን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ያደግነው የጎረቤት እናት ሁሉ በሚቆጣን ሰፈር ነው። አንዲት እማማ በራቸው ላይ ስለተቀመጡ ብቻ ስንት ድብድብ ቀርቷል! የማናሴ ስብስብ በኋላ “ትርጉም የለሽ ግድያን የሚቃወሙ እናቶች” በሚል ስም፣ በአጭሩ ማስክ ተብሎ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሆነ።

ይሄን ታሪክ ያነሳሁት ስለ ቺካጎ ለማውራት ብቻ አይደለም። በየከተማው ያለን ወላጆች ተገናኝተን ቡና ስንጠጣ ወሬው ወዲያው ወደ ልጆች ይዞራል። እንትና ልጁ መጥፎ ጓደኛ ይዞበታል፤ እንትና ከትምህርት ቤት ተደውሎላታል። ቀጥሎ የሚመጣው “አንድ ነገር ማድረግ አለብን” ነው። ከዚያ ሲኒው ይነሳል፣ ሁሉም ወደ ሺፍቱ ይሮጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። የምንፈራው ሌሊቱን ነው። ማታ 10 ሰዓት ላይ በሩን ቆልፈን “ዛሬም በሰላም ገቡ” እንላለን። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ስለ ታዳጊዎች ሲያወጣ የኖረው መረጃ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በትምህርት ቀናት ታዳጊዎች የሚፈጽሙት የኃይል ወንጀል ከሁሉም ሰዓት የሚበዛው ከትምህርት ቤት እንደወጡ፣ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ገደማ ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት አባት መኪና እየነዳ ነው፤ እናት ከአንዱ ሥራ ወጥታ ወደ ሁለተኛው እየሄደች ነው። ልጁ ቁልፍና ስልክ ይዞ ብቻውን ነው።

ያንን ሰዓት ማን ይሞላዋል? በብዙ ቦታ የሚሞሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የእግር ኳስ ቡድን፣ የቤት ሥራ እገዛ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አዳራሽ ውስጥ ያለ የቅዳሜ ፕሮግራም። “ወንጀል መከላከል” የሚለው ትልቅ ስም ሲገለጥ ውስጡ ያለው ኳስ፣ ሳንድዊችና አንድ በሰዓቱ የሚገኝ ትልቅ ሰው ነው።

በሰዓቱ የሚገኝ የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። በ1904 በኒውዮርክ የልጆች ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው ኧርነስት ኩልተር በየቀኑ በፊቱ የሚያልፉትን ልጆች አይቶ አላስችል አለው። ተሰብስበው ለነበሩ ወንዶች ንግግር አደረገና እያንዳንዳቸው ለአንድ ልጅ ታላቅ ወንድም እንዲሆኑ ጠየቃቸው። ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች እሺ አሉ። ዛሬ ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ የሚባለው ድርጅት አንዱ መነሻ ያ ቀን ነው። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ሥራውን ፈተሹት። ከአመልካቾቹ መካከል ግማሾቹ ልጆች ወዲያው ታላቅ ወንድም ወይም እህት እንዲያገኙ፣ ግማሾቹ ተራ እንዲጠብቁ በዕጣ ተደረገ። ከ18 ወር በኋላ ሲታይ፣ ያገኙት ልጆች አደንዛዥ ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው ካላገኙት በ46 በመቶ ያነሰ ነበር። ሰው መምታታቸውም በሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። ማንም ስብከት አልሰበካቸውም፤ በወር ሦስት ጊዜ ያህል አብረው ፒዛ በሉ፣ ኳስ ተጫወቱ፣ ሲኒማ ገቡ።

ግን ከዚያው መረጃ የተገኘ፣ ብዙ የማይነገርለት ሌላ ውጤት አለ። ግንኙነቱ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየላቸው ልጆች ብዙ ተጠቀሙ። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ጭራሽ ወረደ። አስቡት፤ አባቱ በሥራ ምክንያት የማያገኘው ልጅ አንድ ጋሼ መጣለት፣ ሁለት ወር አጫወተው፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት አቆመ። ልጁ ከዚህ የሚማረው ምንድን ነው? በጎ ፈቃድ ስለሆነ ብቻ ምንም ጉዳት የለውም ብለን እናስባለን። አለው። ስድስት ወር የማይችል ሰው ባይጀምር ይሻላል፤ ምግብ ያብስል፣ መኪና ይንዳ፣ ሒሳብ ይያዝ።

የሚገርመው እኛ ይሄን ሕግ ከጥንት የምናውቅ መሆናችን ነው። ዕድር ላይ የቀረ ይቀጣል! ለቀስተኛ ቤት ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ ሰው ምክንያቱን ይጠየቃል። ሰብሳቢ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ስም ይጠራል፣ ደብተር አለ። የዕድር ሰብሳቢ ደሞዝ አይበላም፤ ግን ቀልድ አይደለም። ለልጆቻችን ማኅበር ስናቋቁም ግን ይሄን ሁሉ እንረሳና “በፍቅር እንሠራለን” ብለን እንጀምራለን። ፍቅሩ እስከ መጀመሪያው ኩርፊያ ድረስ ነው።

ስለ ኩርፊያ ካነሳን፣ በየከተማው የምናየውን እንናገር። አንድ ጎበዝ ሰው ይነሳል። ልጆቹን ይሰበስባል፣ በራሱ መኪና ያመላልሳል፣ አዳራሹን በራሱ ካርድ ይከፍላል። ቁልፉም፣ የባንኩ የይለፍ ቃልም፣ የወላጆች ስልክም እሱ ጋ ነው። አምስት ዓመት እንዲህ ይሄዳል። ከዚያ ይደክመዋል፣ ወይም አትላንታ ይዛወራል፣ ወይም ከገንዘብ ያዡ ጋር ይጣላል። በሳምንቱ ልጆቹ ሲመጡ በሩ ዝግ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁላችንም የለፋው እሱ ነው። ግን ምክትል አላሰለጠነም፣ እኛም አልጠየቅነውም፤ “እሱ አለ” ብለን ተኛን። የበጎ ፈቃድ መሪ ሁለት ዓመት መርቶ ሲወርድ ሥራው ከቀጠለ፣ ለእኔ ጎበዝ መሪ ያ ነው።

ወረቀቱም አለ። አሜሪካ ውስጥ ለምትኖሩ፣ ከግብር ነፃ የሆነ ትንሽ ድርጅት በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ገቢው አብዛኛውን ጊዜ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ በኢንተርኔት የሚሞላ፣ ደቂቃዎች ብቻ የሚወስድ አጭር ቅጽ ነው፤ 990-ኤን ይባላል። የበጀት ዓመቱ ታኅሣሥ መጨረሻ የሚዘጋ ድርጅት እስከ ሜይ 15 ይልከዋል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልተላከ ከግብር ነፃ መሆኑ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። ማንም ሰው ሳይሰርቅ፣ ማንም ሳይጣላ፣ ጸሐፊው ስለረሳ ብቻ። ሌላ አገር ያላችሁ ደግሞ የየአገራችሁን ሕግ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ፈቃድ ሳይወጣ ገንዘብ መሰብሰብ በብዙ ቦታ ያስጠይቃል።

ሌላው ከልጅ ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ የወንጀል መዝገቡ መጣራቱ ነው። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ዲቢኤስ የምትሉት ማለት ነው። በእኛ መካከል ይሄ ሲነሳ “እንተዋወቅ የለ እንዴ! ምን ማለታችሁ ነው?” የሚል አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው፤ ሰብሳቢው ራሱ መጀመሪያ ይመርመር። ከዚያ የሚቀየም አይኖርም። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ለብቻው አይቀመጥም የሚለውም ደንብ ሆኖ ይጻፍ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጅን በማስፈራራት እናቀናለን የሚል ሐሳብ ከስብሰባችን አይጠፋም። “እስር ቤት ወስደን እናሳያቸው” የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። ይሄ በደንብ ተሞክሯል። በ1970ዎቹ ኒውጀርሲ ውስጥ ራዌይ በሚባል እስር ቤት የዕድሜ ልክ ፍርደኞች ታዳጊዎችን እየጮሁ የሚያስፈራሩበት ፕሮግራም ነበር። በ1978 ፊልም ተሠራበት፣ ኦስካርም አገኘ፣ በየግዛቱ ተኮረጀ። በኋላ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ እስር ቤቱን የጎበኙት ልጆች ካልጎበኙት ይልቅ ወደ ወንጀል ገቡ። “አገር ቤት እሰድሃለሁ” የሚለው ዛቻችንም እዚህ ጋ ቢታሰብበት ጥሩ ነው። አገር ቤት ቅጣት ነው ብለን ያሳደግነው ልጅ፣ ነገ አያቱን ልጠይቅ ብሎ እንዴት ይሄዳል?

ወደ 75ኛው ጎዳና ልመልሳችሁ። ለዓመታት እናቶቹ በተቀመጡበት ጥግ ጸጥታ ሰፍኖ ነበር። በጁላይ 2019 ግን እዚያው ጥግ ላይ ሁለት ሴቶች ከሚያልፍ መኪና በተተኮሰ ጥይት ተገደሉ። ሁለቱም እናቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ከማስክ ጋር እዚያ ይውሉ የነበሩ ናቸው። ፖሊስ የተፈለጉት እነሱ አልነበሩም አለ። እንግዲህ ወንበር ጥይት አይመልስም። ይሄን ደብቆ ታሪኩን ማውራት ለሞቱት ክብር አይሆንም። ማናሴና ጓደኞቻቸው ግን ጥጉን ለቀው አልሄዱም። እዚያው ቆዩ፤ ምግቡም፣ ከልጆቹ ጋር የሚሠራውም ሥራ ቀጠለ።

እናንተ ሰፈር ደግሞ መንገድ ጥግ መቀመጥ ላያስፈልግ ይችላል። ምናልባት የሚያስፈልገው ማክሰኞና ሐሙስ ከ3 እስከ 6 ሰዓት የሚከፈት የላይብረሪ ክፍል ነው። ብዙ የሕዝብ ላይብረሪዎች ለማኅበረሰብ ስብሰባ ክፍል በነፃ ይሰጣሉ። አራት ወላጆች ተራ ገብተው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ቢቀመጡ ይጀመራል። የማታ ሺፍት የሚሠራ አባት ከሰዓት ነፃ ነው፤ እንቅልፉን ጠግቦ ከተነሳ ማለቴ ነው። ጡረታ የወጡ እማማና አባባ ደግሞ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቴሌቪዥን እያዩ ነው፤ ማንም ስላልጠየቃቸው እንጂ እሺ ይላሉ።

አሁን ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ቺካጎ ውስጥ “ቢካሚንግ ኤ ማን” የሚባል የታዳጊ ወንዶች ፕሮግራም አለ። ተመራማሪዎች ሁለት ጊዜ ፈትሸውት፣ ልጆቹ ፕሮግራሙ ውስጥ ባሉበት ጊዜ በኃይል ወንጀል መታሰራቸው በ45 እስከ 50 በመቶ መቀነሱን አይተዋል። እዚያ ከሚጫወቱት ጨዋታ አንዱን ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ሞክሩት። ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዱ ትንሽ ኳስ በጡጫው አጥብቆ ይይዛል። ሌላው 30 ሰከንድ አለው፤ ኳሱን መውሰድ ነው። ሰዓት ያዙ።

አብዛኛው ሰው ጣት መፈልቀቅ፣ መኮርኮር፣ መታገል ይጀምራል። ሰዓቱ ሲያልቅ “እባክህ ኳሱን ስጠኝ ብለህ ለምን አልጠየቅከውም?” በሉት። ኳስ የያዘውንም “ቢጠይቅህ ትሰጠው ነበር?” ብላችሁ ጠይቁት።

መጀመሪያ አባባን አስይዙት። ኳስ ከሌለ ሎሚም ይሆናል።