ተጨማሪ መረጃ፦ አላይመንት በሜትርና በጠመኔ

የፊት ጎማ አንድ ጠርዙ ብቻ ከተበላ አላይመንቱን ተጠራጠሩ። ቤት ውስጥም መለካት ይቻላል። የሁለቱን የፊት ጎማዎች ነፋስ እኩል አድርጉ፤ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ፤ መሪውን ቀጥ አድርጉ። በሁለቱ ጎማዎች የፊት ገጽ መሃል ላይ፣ በቸርኬው መሃል ከፍታ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጉና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ። ምልክቶቹ ከኋላ በዚያው ከፍታ እስኪደርሱ መኪናውን ወደ ፊት ገፍታችሁ እንደገና ለኩ። ወደ ኋላ አትመልሱት፤ በመሪው መገጣጠሚያዎች ያለው ልልነት ልኬቱን ያዛባል። የፊተኛው ርቀት ካነሰ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ዞረዋል። በብዙ መኪኖች ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ጤናማ ነው፤ ትክክለኛው ልክ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ አለ። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ዋናው ነገር ቴስታው (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) ነው፦ እሱ ከላላ መጀመሪያ አስቀይሩት፤ አለዚያ ልኬቱ ዋጋ የለውም።