ጸደይ በሞያሌ ግቢ

ጸደይ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መስከረምን ነው፤ አደይ አበባን፣ እንግጫን፣ ጠርቶ የዋለ ሰማይን። የአባቶች አቆጣጠር ግን መስከረም 26 የሚገባውን ወቅት መጸው ይለዋል፤ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26፣ የሚወጣው ሰኔ 25 ነው። ደጋ ላይ ግራ የሚያጋባው ይህ ቀመር ሞያሌ ሲደርስ ቦታውን ያገኛል። ቦረናዎች «ገና» የሚሉት (ከልደት በዓል ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚገጥመው) ትልቁ ዝናብ የሚጠበቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነውና። ሁለተኛው፣ የጥቅምትና የኅዳሩ አነስተኛ ዝናብ፣ «ሀገያ» ይባላል። በግዕዝ ደግሞ ሐጋይ ማለት በጋ ነው፤ ለአንዱ ድርቅ የሆነው ድምፅ ለሌላው ዝናብ መሆኑ ጆሮን ያሳስታል።

ታዲያ ጸደይ መቅረቡ በግቢ ውስጥ በምን ይታወቃል? ከሁሉ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ዛፉ ነው። ሙቀቱ በበረታበት፣ ውኃ በጀሪካን በሚገዛበት በየካቲት መጨረሻ፣ አጥር ላይ ያለው ግራር አንድ ጠብታ ሳይወርድ ለምለም ቅጠል ያወጣል። ደጅ ላይ ያለው ኒም አሮጌ ቅጠሉን አራግፎ መዳብ የሚመስል ቀይ ለጋ ያበቅላል። ይህ ተአምር አይደለም። ሥሩ ጠልቆ የሄደ ዛፍ ያለፈው ዝናብ የተወውን እርጥበት ያገኛል፣ በግንዱም ውኃ ያስቀምጣል፤ ለመነሳት ደግሞ የሙቀቱን፣ የአየሩን እርጥበትና የቀኑን ርዝመት ለውጥ ይጠብቃል። በሞያሌ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው፤ በምድር ወገብ አካባቢ ያሉ አንዳንድ ዛፎች ግን ይህንኑ ጥቂት ልዩነት ይለያሉ። ቀድሞ ለምልሞ የጠበቀ ዛፍ የመጀመሪያውን ዝናብ ሳያባክን ይጠቀምበታል።

እንግዲህ ዛፉ የሚናገረው ስላለፈው ዝናብና ስለ ወቅቱ እንጂ ስለሚመጣው ዝናብ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. መጸው ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረናና በአጎራባች ቆላማ አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። ቀንና ሙቀት ቆጥሮ የሚለመልም ዛፍ ይህን አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የግራሩ መለምለም ለዝግጅት ይበቃል፤ መደብ ለመቆፈር፣ ፍግ ለማስገባት፣ የጣሪያ አሸንዳ ለመጥረግ። ዘር ለመጣል ግን አፈሩን መጠየቅ ይሻላል። የመጀመሪያው ካፊያ አቧራውን አጥቦ ሽታውን ያነሳል፤ ጣት ሲሰድዱበት ግን ከታች ደረቅ ነው። በዚያ ላይ የተዘራ ቦሎቄ በቅሎ ይደርቃል። አፈሩ እስከ ክንድ አጋማሽ ርሶ፣ ሲጨብጡት ተድቦልቡሎ ከቆየ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን ክንፍ ያወጡ ምስጦች ሲመሽ ከመሬት ወጥተው መብራት ይከብባሉ፤ ጠዋት በረንዳው ላይ ክንፋቸው ብቻ ተበትኖ ይገኛል። ምስጥ የሚወጣው መሬቱ ሲርስ ስለሆነ እኔ ከዛፉ ቅጠል ይልቅ እሱን አምናለሁ።

ዛፉ ዝናብን አይተነብይም ማለት የሽማግሌዎችን እውቀት መናቅ ነው የሚል ይኖራል። የዘመን አቆጣጠር አዋቂ የሆኑት የቦረና አያንቱዎች ግን ቀንና ወቅት የሚቆጥሩት በከዋክብትና በጨረቃ ነው፤ በአንድ ዛፍ ቅጠል ላይ ብቻ አይፈርዱም። ኒም ደግሞ ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጣ እንግዳ ዛፍ ነው፤ ከአባት የወረደ ምልክት ሊሆን አይችልም። ሌላው ደግሞ ስልክ ላይ ትንበያ እያለ ዛፍ ማየት ምን ያደርጋል ይላል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል የወቅት ትንበያ ያወጣሉ፤ መከታተሉም ይበጃል። ነገር ግን የሚሰጡት ዝናቡ ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛ ወይም በታች የመሆኑን ዕድል ነው፤ ያውም ለሰፊ አካባቢ። የመጋቢት–ግንቦቱ ዝናብ ከጥቅምቱ ይልቅ ለመተንበይ ያስቸግራል፤ የጥቅምቱ ከፓስፊክና ከሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ጋር በጥብቅ የተያያዘ ሲሆን የበልጉ ትስስር ደካማ ነው። አንዱ ሰፈር ዘንቦበት ጎረቤቱ በሚዘለልበት አገር፣ ቦሎቄው የሚጣልበትን ቀን የሚወስነው ከመደቡ ሥር የወጣው አፈር ነው።